«ረድቻለሁ» የምንለው በምን አውቀን ነው?

በ1939 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ካምብሪጅና ሶመርቪል በሚባሉ ሁለት ጎረቤት ከተሞች አንድ ፕሮግራም ተጀመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሐሳቡ የሪቻርድ ካቦት ነበር። ካቦት ሐኪም ናቸው፤ ለሶሻል ወርክ ግን ባዳ አይደሉም። በ1905 ቦስተን በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሶሻል ወርከር አስገብተው ማሠራት የጀመሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ያሰቡት ደግሞ ልጆች ወደ ወንጀል እንዳይገቡ ገና በልጅነታቸው ደርሶ መደገፍን ነበር።

506 ወንዶች ልጆች ተመረጡ። በዕድሜ፣ በባሕርይና በቤተሰብ ሁኔታ የሚመሳሰሉትን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሳንቲም ተወረወረ። አንደኛው ልጅ አማካሪ ተመደበለት፣ ሌላኛው ባለበት ቀጠለ። አማካሪዎቹ በወር ሁለቴ ያህል ቤት ድረስ ይሄዳሉ። ያስጠናሉ፣ ሐኪም ቤት ይወስዳሉ፣ ትምህርት ሲዘጋ ካምፕ ይልካሉ። ይህ ለአምስት ዓመት ያህል ቆየ። ዛሬ ማንም ሶሻል ወርከር ቢያነበው «እንዲህ ነው እንጂ!» የሚል ፕሮግራም ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባሉ ተመራማሪ ልጆቹን አፈላለጓቸው። ልጆች ስል የያኔዎቹን ነው፤ አሁን ጎልማሶች ሆነዋል። አማካሪ ከነበራቸው መካከል ሁለት ሦስተኛው ያህል ፕሮግራሙ ጠቅሞናል አሉ። ትዝታ አወሩ፣ አመሰገኑ። ማኮርድ ግን በምስጋናው አላበቁም። የፍርድ ቤት፣ የሆስፒታልና የሞት መዝገቦችን አገላበጡ። በ1978 ያሳተሙት ውጤት ብዙ ሰው አስደነገጠ። በወንጀል መከሰስን በተመለከተ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚጠቀስ ልዩነት አልነበረም። በሌሎች መለኪያዎች ግን የተረዱት ካልተረዱት ብሰው ተገኙ። ወንጀል የሠሩት ደጋግመው የመሥራታቸው ነገር ከፍ አለ። የአልኮል ሱስ ምልክት፣ የአእምሮ ሕመም ምልክት፣ በለጋ ዕድሜ መሞት፣ ሁሉም በነሱ በኩል በዛ።

ለምን? እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1999 የወጣ ሌላ ትንታኔ አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። ጉዳቱ ጎልቶ የታየው ከአንድ ጊዜ በላይ ካምፕ በተላኩት ላይ ነው። አስቸጋሪ ልጆችን አንድ ላይ ሰብስቦ ለሳምንታት ማቆየት አንዱ ከሌላው ጥፋት እንዲማር ሳያደርግ አልቀረም።

እዚህ ላይ ያችን ሳንቲም ላመስግናት። እሷ ባትኖር ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር። የተረዱት ሰዎች ምስጋና ይሰበሰባል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ከተሞች ይስፋፋል። ልበ ቀና ሰዎች ልበ ቀና ሆነው ሰው ይጎዳሉ።

ከሶሻል ወርክ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቅሬታ አለ። «እኔ ሰው ልረዳ ነው የገባሁት፣ ይሄ ሪሰርች ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ኮርሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቃላት ትርጉም ተጨናንቆ ነው። መላምት ምንድን ነው፣ ተለዋዋጭ ምንድን ነው፣ የናሙና ዓይነቶችን ዘርዝር። ተማሪው ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፣ ከዚያ ደብተሩን ይዘጋዋል። ጉዳዩ ግን ከዚህ በጣም የቀረበ ነው። የእርዳታ ሥራ ራሱ ጥሩ ስሜት ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ደክመው ውለው አንዲት እናት እጅዎን ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትልዎ፣ ሥራው ሠርቷል ብሎ አለማመን ያስቸግራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለ ራሳችን ሥራ እውነቱን ከሁሉ ዘግይተን የምንሰማው እኛው ነን። የምርምር ዘዴ የሚባለው ይህን ጆሮ ለማቅናት የተሠራ የብልሃት ክምችት ነው።

አንድ ልጅ፣ አንድ ወረቀት

ከትንሹ እንጀምር። ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሶሻል ወርከር እንውሰድ። የ14 ዓመት ልጅ ወደሷ ተላከ። ከትምህርት ይቀራል። የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ታነጋግረዋለች፣ ቤተሰቡን ትጠራለች፣ ዕቅድ ታወጣለች፣ ከሁለት ወር በኋላ ፋይሉ ላይ «መሻሻል አሳይቷል» ብላ ትፈርማለች። ከምን ወደ ምን ነው የተሻሻለው? ፋይሉ አይናገርም።

አሁን ያንኑ ሥራ ትንሽ ለየት አድርጋ ትሥራው። ልጁን ማገዝ ከመጀመሯ በፊት የክፍሉን ስም መጥሪያ ትቀበላለች። ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ትቆጥራለች። በሳምንት ከአምስቱ ቀናት የቀረባቸው እነዚህ ናቸው፦ 3፣ 4፣ 2፣ 4፣ 3፣ 4። አንድ ወረቀት ላይ በአግድም ሳምንቱን፣ በቁም የቀረበትን ቀን አድርጋ ነጥብ ነጥብ ታስቀምጣለች። ከስድስተኛው ነጥብ ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች መስመር ታሰምራለች። ከዚህ መስመር ወዲህ እሷ ገብታለች ማለት ነው። የቀጣዮቹ ስምንት ሳምንታት ቁጥር ደግሞ ይህን ይመስላል፦ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1፣ 0።

ስታቲስቲክስ አያስፈልግም። ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ማየት ይበቃል። ከመስመሩ በፊት በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ይቀር ነበር፣ ከመስመሩ በኋላ በአማካይ አንድ ቀን ከምናምን። ይህ ነጠላ ኬዝ ንድፍ ይባላል። ከመስመሩ በፊት ያለው ክፍል ቤዝላይን ነው፤ መነሻ ልንለው እንችላለን። አንድ እርሳስና አንድ ወረቀት ብቻ ስለሚፈልግ፣ ለባለሙያ ከሁሉም የምርምር ዘዴዎች ይህ ቀድሞ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። የሚማረው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ።

ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ መቁጠሯ ለምንድን ነው? ያለፈውን ሳምንት ብቻ ብትወስድስ? እዚህ ጋ ሁላችንንም የምታጠምድ ወጥመድ አለች። ሰው እርዳታ ፍለጋ የሚመጣው መቼ ነው? ነገር ሲብስበት። ልጅ ወደ ቢሮ የሚላከው በጣም በቀረበት ሳምንት ነው። ባልና ሚስት ለምክር የሚመጡት ከባዱን ጭቅጭቅ በተጨቃጨቁ ማግስት ነው። ጫፍ የደረሰ ነገር ደግሞ ማንም ባይነካውም ወደ ተለመደው ልኩ መመለስ ይቀናዋል። ፍራንሲስ ጋልተን ይህን በ1886 በወላጆችና በልጆች ቁመት ላይ አሳይቷል። በጣም ረጃጅም ወላጆች የወለዷቸው ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም በአማካይ ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ መካከለኛው ይጠጋሉ። ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል።

እንግዲህ አስቡት። ሰዉ በባሰበት ቀን ይመጣል፣ ከወር በኋላ ሻል ይለዋል። እኛ መሐል ላይ ነበርን። ምስጋናውን እንወስዳለን። ምንም ባንሠራም ኖሮ የተወሰነው መሻሻል ይመጣ ነበር። ረዘም ያለ ቤዝላይን ይህን ያጋልጣል፤ 4 ቀን መቅረት ለዚህ ልጅ ድንገተኛ ጫፍ መሆኑን ወይም የሰርክ ነገር መሆኑን ያሳያል። ከላይ ባየነው ወረቀት ላይ የሰርክ ነገር ነው።

ማስረጃውን ማጠናከር ይቻላል። አንዱ መንገድ እርዳታውን ማቆምና ነገሩ ይመለስ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ እንደገና መጀመር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያምራል። የሚሠራ እርዳታ ከልጅ ላይ ለማስረጃ ሲባል መንጠቅ ግን ለኅሊና አይመችም። ሌላው መንገድ ይሻላል። ሦስት ልጆች ካሏት ከሦስቱም መነሻ ትወስዳለች፣ ሥራውን ግን በተለያየ ሳምንት ትጀምራለች። የሦስቱም መስመር እሷ በገባችበት በየራሱ ሳምንት ከወረደ፣ «አጋጣሚ ነው» ማለት ይከብዳል። ወረፋ ባለበት መሥሪያ ቤት ሰዎች ለማንኛውም በተለያየ ጊዜ ነው የሚጀምሩት። ወረፋው ራሱ የምርምር ንድፍ ይሆናል።

ይህችን ወረቀት አቆዩልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የቀሩትን ማን ይጠይቃቸው?

ሰው ምርምር ሊሠራ ሲነሳ የሚመጣለት ጥያቄ ዘወትር ሰፊ ነው። «ወጣቶች ለምን ሱስ ውስጥ ይገባሉ?» ይህ የአንድ ዕድሜ ጥያቄ ነው፤ ፕሮፖዛል አይሆንም። ጥሩ ጥያቄ የሚገኘው ሥራችን ውስጥ ከሚያናድደን ትንሽ ነገር ነው። ለምሳሌ፦ ለመጀመሪያ ቀን መጥተው ሁለተኛ ቀጠሮ ላይ የማይመለሱ ሰዎች። የትኛውም የምክር አገልግሎት ቢሮ ውስጥ አሉ። ጥያቄው እንዲህ ሊጠብ ይችላል፦ «ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡት ስንቱ አልተመለሱም? ያልተመለሱት ከተመለሱት በምን ይለያሉ?» መልሱ ፋይሉ ውስጥ ነው። ማን እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንዳነጋገረው፣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ስንት ቀን እንደጠበቀ፣ ሁሉም ተጽፏል። መቁጠር ብቻ ነው።

ብዙ መሥሪያ ቤት ግን የሚያደርገው ሌላ ነው። «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» የሚል መጠይቅ አዘጋጅቶ ቢሮ ለመጡት ያድላል። 90 በመቶው ረክቻለሁ ይላል። ያልረካውማ አልመጣማ!

በዚህ ስህተት ታሪክ የመዘገበው ዝነኛ ውርደት አለ። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ሊተነብይ ለ10 ሚሊዮን ሰው የድምፅ ወረቀት በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። ተፎካካሪው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48 ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ጠረጉ። አድራሻ የተሰበሰበው በአብዛኛው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች ዝርዝር ነበር፣ ያ ደግሞ የድህነት ዘመን ነው። በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ የመለሰው ሰውና ዝም ያለው ሰው አንድ ዓይነት አልነበሩም። በዚያው ዓመት የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ናሙና ማለት የብዛት ጉዳይ ይመስለናል። ማን እንደጎደለ ግን ስንት እንደገባ ከመቁጠር ይበልጣል። ለሶሻል ወርክ ደግሞ የጎደለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የባሰበት ሰው ነው።

ይሉኝታ የሚሞላው መጠይቅ

መለካት የሚባለው ነገር ሰው ያስፈራል። «ሐዘን እንዴት ይለካል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሐዘኑ አይለካም። ምልክቶቹ ግን ይቆጠራሉ። በ2001 የወጣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መጠይቅ አለ። ፒኤችኪው ናይን ይባላል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥና ሌላም ምን ያህል ጊዜ እንዳስቸገረ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 አያልፍም። 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሙያ ቀረብ ብሎ ማየት አለበት። ምርመራውን አይተካም፤ ዛሬ 19 የነበረው ሰው ከሁለት ወር በኋላ 8 ሲሆን ግን ስለ «መሻሻል» የምናወራበት አንድ መሠረት ይኖረናል።

መለኪያ ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው አስተማማኝነት ነው፤ ያው ነገር ደግሞ ሲለካ ያው ይወጣል ወይ? ሁለተኛው ተገቢነት ነው፤ እለካዋለሁ ያለውን ነገር ነው ወይ የሚለካው? ሁልጊዜ 20 ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት አስተማማኝ ነው፣ ዛሬም 20 ነገም 20 ይቀድማል። ሰዓቱን ግን አይነግራችሁም።

ትርጉም ላይ ሲደርስ ተገቢነት የሚሰበርበት ቦታ ይበዛል። የእኛ ሰው ስሜቱን በሆድ ይናገራል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፣ «ሆድ ባሰኝ» ይላል። ከሌላ ቋንቋ የመጣ መጠይቅ ቃል በቃል ተተርጉሞ «ሰማያዊ ስሜት ይሰማዎታል?» ቢል (በእንግሊዝኛ «ከፍቶዎታል?» ማለት ነው) ተጠያቂው ምን ይመልስ? የኛን «ሆድ ባሰኝ» የማያውቅ ሰው ደግሞ የጨጓራ ሕመም ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ አንዱ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የተጣመመው ይታያል። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሰዎች አሳይቶ «ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን መጣብዎ?» ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህችኛዋ ትዘለላለች። ባትዘለል ይሻል ነበር።

ጥያቄ አወጣጥ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። «አማካሪዋ ትሑትና ፈጣን ናት ወይ?» አትበሉ፤ ትሑት ሆና ዘገምተኛ ብትሆንስ? ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ሰው ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ክፉ መናገር ይከብደዋል፣ ስለ ራሱ ክፉ መናገር ደግሞ ይብስበታል። ይህን እዩት፦

«ልጅዎን ይመታሉ?»
«ኧረ በጭራሽ!»

አለቀ። በሩ ተዘጋ። ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ፦

«ልጅ ማሳደግ አንዳንዴ ትዕግሥት ያስጨርሳል። እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ በጣም ያስቸገረዎትን ቀን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»
«ውይ፣ ትናንት ማታ ነዋ! ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ፣ ቤቱ ተተራምሷል...»
«እሺ?»
«ጮኩበት። ከዚያማ... ምን ላድርግ፣ እጄ ቀደመኝ።»

«እጄ ቀደመኝ» የሚለውን ቃል የትኛውም የመጠይቅ ሣጥን አይዘውም። ዓይነታዊ ምርምር የሚባለው ይህን የሚይዘው ነው። ቁጥር ስለሌለው ቀላል ይመስላል፤ እኔ በበኩሌ በቁጥር ከሚሠራው ከመጠናዊው የበለጠ ይከብደኛል። ቃለ መጠይቁ ተቀድቶ ቃል በቃል ይጻፋል። ከዚያ መስመር በመስመር እየተነበበ ምልክት ይደረግበታል፤ ኮድ ማድረግ ይሉታል። የሁለተኛውን ቀጠሮ ነገር እንውሰድ። ካልተመለሱት አንዷ በስልክ «ማረፊያው ክፍል ሰው ሞልቷል፣ ጸሐፊዋ ስሜን ጮክ ብላ ጠራችው» አለች እንበል። ከጎኑ «መታየት» ብለን እንጽፋለን። ሌላው «ጎረቤቴ እዚያ ተቀምጦ አየሁት» ቢል ያም «መታየት» ነው። አምስተኛው ሰው ላይ ደግሞ ሲመጣ ነገሩ ቅርጽ ይይዛል። ፋይሉ ስንት ሰው እንደቀረ ነገረን፣ ሰዎቹ ለምን እንደቀሩ ነገሩን። ስም በመጥራት ፈንታ የወረፋ ቁጥር መስጠት ደግሞ ወጪ የለውም። አዲስ ቃለ መጠይቅ አዲስ ነገር ማምጣት ሲያቆም ይበቃል ይባላል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን ሥራ ሳይወደው አይቀርም። አደጋውም እዚያው ነው፣ ያልተቀበረ ወርቅ መቆፈር። ስለዚህ ሁለት ሰው ለየብቻ ኮድ አድርጎ ማስተያየት ያስፈልጋል።

እምቢ ማለት የማይችል ሰው

ሥነ ምግባር ሲነሳ ሁሉም ተሳታፊው ስለሚፈርምበት የፈቃድ ወረቀት ያስባል። ከ1932 እስከ 1972 አላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ የሆነውን ማወቅ ይሻላል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና አገልግሎት ወደ 600 የሚጠጉ ድሃ ጥቁር ወንዶችን ተከታተለ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም» አለባችሁ ተባሉ። ነጻ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ተሰጣቸው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጨረሻ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ እንዳይታከሙ ተደረገ። የተፈለገው በሽታው እስከ መጨረሻው ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር። ነገሩን ያጋለጠው ፒተር በክስተን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የአባለዘር ታማሚዎችን እንዲያነጋግር የተቀጠረ ወጣት ሠራተኛ ነበር። ከ1966 ጀምሮ ለአለቆቹ ጻፈ፣ አልሰሙትም። በ1972 ለጋዜጠኛ ሰጠው። በ1979 ቤልሞንት የሚባለው ሪፖርት የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት መርሖች አሉት፦ ሰውን ማክበር፣ መልካም ማድረግ፣ ፍትሕ።

ለሶሻል ወርከር ጥያቄው ከዚህ የቀረበ ነው። ቤት እንዲያገኝ የምታግዙትን ሰው «ጥናት ላይ ትሳተፋለህ?» ብትሉት እሺ ይላል። ቤቱ እንዳይቀርበት ፈርቶ እሺ ይላል። እምቢ ቢል ምንም እንደማይቀርበት ብትነግሩትም አያምናችሁም፤ እሱ ብትሆኑ እናንተም አታምኑም። ስለዚህ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን። ማን እሺ፣ ማን እምቢ እንዳለ እናንተ አትወቁ። ደግሞም የማትጠብቁትን ቃል አትግቡ። «የነገርከኝ ሁሉ እዚሁ ይቀራል» ብሎ ጀምሮ፣ ሕፃን አደጋ ላይ መሆኑን ሲሰሙ ለሚመለከተው መንገር ክህደት ይመስላል። የምሥጢሩ ወሰን የሚነገረው ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ነው።

90 በመቶ ትክክል

አብዛኞቻችን ምርምር ከምንሠራው ይልቅ የሌላውን እናነባለን። እዚህም አንድ ስሌት ከብዙ ስህተት ያድናል። «የሕፃናት ጥቃትን 90 በመቶ በትክክል የሚለይ መሣሪያ» ተሠራ ተባለ እንበል። 1000 ቤተሰብ አለ። በ20ዎቹ ውስጥ ጥቃቱ በእርግጥ አለ። መሣሪያው 18ቱን ይይዛል። ጥቃት ከሌለባቸው 980 ቤተሰቦችም 10 በመቶውን ይስታል፣ ማለትም 98ቱን በከንቱ ይጠራጠራል። በድምሩ 116 ቤተሰብ ቀይ ምልክት ተደረገበት። እውነተኞቹ 18 ናቸው። ከስድስት ቤተሰብ የአምስቱ በር በከንቱ ተንኳኳ ማለት ነው፣ በዚያው «90 በመቶ ትክክል» በሆነ መሣሪያ። ችግሩ ብርቅ ከሆነ የሐሰት ማንቂያ ይበዛል። መሣሪያውን ወርውሩት ማለቴ አይደለም። ቀይ ምልክት ሲያዩ ፖሊስ ከመጥራት በፊት ተጨማሪ ማየት ግን ግድ ነው።

«ጉልህ ውጤት ተገኘ» የሚለውንም እንዲሁ። ጉልህ ማለት በስታቲስቲክስ ቋንቋ ትልቅ ማለት አይደለም፤ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል ለማለት ያስቸግራል ማለት ነው። በጣም ብዙ ሰው ከተጠና የአንድ ነጥብ ልዩነትም ጉልህ ይባላል። በዚያ በ27 ነጥብ መጠይቅ ላይ ሰውዬው ራሱ ለውጥ ተሰማኝ እንዲል 5 ነጥብ ያህል መቀነስ አለበት።

አንድ ጥናት ደግሞ አንድ ምስክር ነው። በ1970ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ወጣቶችን እስር ቤት ወስዶ በእስረኞች ማስፈራራት ተጀመረ። ፊልም ወጣለት፣ ብዙ ቦታ ተቀዳ። ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ልጆቹ ሲያለቅሱ፣ ሲለወጡ ይታያሉ። በኋላ ዘጠኝ በዕጣ ምደባ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ማስፈራራቱ ምንም ካለማድረግ ብሶ ተገኘ፤ ልጆቹ ወንጀል የመሥራት ዕድላቸው ጨመረ። ያች ሳንቲም እንደገና።

በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር የሚለው ፈሊጥ በ1990ዎቹ ከሕክምና ነው የመጣው። አንዳንዱ የመመሪያ መጽሐፍ ማምለክ አድርጎ ይረዳዋል። ከመነሻው ግን ሦስት እግር ነበረው፦ ያለው ምርጥ ማስረጃ፣ የባለሙያው ልምድ፣ የተገልጋዩ ፍላጎት። ሦስተኛው እግር በተለይ ይረሳል።

ወደዚያች ወረቀት ልመለስ። 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 0፣ 1፣ 0። ሶሻል ወርከሯ ሱፐርቫይዘሯ ጋ ወስዳ ልታሳይ አሰበች። ከዚያ በፊት ልጁን ጠራችው። ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችና ከመስመሩ ቀጥሎ ያለውን ቁልቁለት በጣቷ አሳየችው።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

ልጁ ወረቀቱን አየ፣ ሳምንታቱን ቆጠረ።

«እ... የሒሳብ አስተማሪው የተቀየረ ጊዜ ነዋ» አላት።